ሲላክ ደህና የነበረ ሰላምታ

አንተዬ፣ የኔ ሆድ፣

እንደምን ከረምክ ልልህ ነበር፣ አፌ ለምዶብኛል። ዛሬ ዓመትህ ነው። በጠዋት ከእናትህ ጋር መቃብርህ ዘንድ ሄደን፣ ጸሎቱ ተደርሶ ተመለስን። እሳቸው ጋደም ብለዋል፣ እኔ ደጃፍ ላይ የሽንኩርት ማዳበሪያዬ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ከአምስተኛ ክፍል እንዳላለፍኩ ታውቃለህ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ እንደ ተማሪዎችህ በቀይ እስክሪብቶ እንዳታሰምርብኝ። ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው፣ ወሬው ብዙ ነው፣ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ይሄን ስማ። ተኩሱ ቆመ። ተፈራረሙ አሉ። እዚህ መርሳ ከተማ ሰዉ ሁሉ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሰነበተው። ክረምቱ መውጫ ላይ በቆቦ በኩል እንደገና ሲጀምረው እኔ ጓዜን ጠቅልዬ በር ላይ አስቀምጬ ነበር የማድረው፣ አሁን ፈትቼ ሁሉንም በየቦታው መለስኩት። ፍርሃቱ ግን ገና ከሰውነቴ አልወጣም። ትናንት መናኸሪያው በር ላይ የባጃጅ ጎማ ቢፈነዳ ከነፓፓያዬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ሰዉ ሳቀብኝ፣ አፈርኩ፣ ቀና ስል አጠገቤ ያለችው ቲማቲም ሻጭም ተዘርግታለች፣ ያን ጊዜ እኔም ሳቅኩ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ያኔ ከባድ መሣሪያው ሲጮህ አልጋ ሥር ገብተን የነገርከኝ ትዝ ይልሃል? ኒውትሪኖ ነው ያልካት? ከፀሐይ የምትወጣ፣ ከደቃቅ ሁሉ የደቀቀች፣ አሁን በዚህች ደቂቃ በጣራው አልፋ፣ በእኔ አልፋ፣ በአንቺ አልፋ፣ መሬቱንም በስታ ትሄዳለች፣ ማንንም አትነካም አልከኝ። እኔ ደነገጥኩ፣ ጋቢውን ሳብኩና ተሸፋፈንኩ። አንተ አልጋ ሥር ሆነህ ሳቅህ ያዘህ፣ "ጋቢ አያግዳትም እኮ" አልከኝ። እኔም ጥይቱን እንደሷ ባደረገው አልኩ። ከዚያ እጄን ያዝከኝ።

ሁለተኛው ወሬ የራስህ ነው። ያ ስትጠብቀው የነበረ ትልቁ ቴሌስኮፕ ወጣልህ፣ ሰማይ ላይ ሆኖ ይሠራል፣ ሥዕልም ልኳል። መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ የስኳርህ መርፌ ከከተማው ሁሉ አልቆ አልጋ ላይ ሆነህ እንኳ፣ ውኃ ስጪኝ ትልና ውኃውን ይዘህ "እስካሁን ሳይልኩት አይቀሩም" ትለኝ ነበር። አልላኩትም ነበር የኔ ሆድ። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የላኩት። ትንሽ ቢቸኩሉ ምን ነበረበት እላለሁ፣ እበሳጫለሁ።

ሥዕሉን ያሳየኝ ጓደኛህ መምህር ሰይድ ነው። ያንተንም ክፍሎች ደርቦ እሱ ነው ፊዚክሱን የሚያስተምረው። ስልኩን ይዞ ወደ ጉሊቴ መጣና "ነይማ፣ ይሄን እሱ ቢያይ ወላሂ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ያስጨፍረን ነበር" አለኝ። ጥቁር ላይ ብርሃን ተበትኗል፣ ጤፍ የተደፋ ነው የሚመስለው። ኮከብ ነው? አልኩት። ኮከብ አይደለም፣ እያንዳንዷ ፍሬ ጋላክሲ ናት፣ ውስጧ ያለው ኮከብ ተቆጥሮ አያልቅም አለኝ። አንዳንዶቹ ቀልተዋል። ለምን ቀሉ ልለው አፌን ስከፍት የጎማው ላስቲክ ትዝ አለኝ። በጠመኔ ነጥብ ነጥብ አድርገህበት፣ አንዱን ጫፍ አስይዘኸኝ፣ ስበህ ስበህ፣ "አየሽ፣ ነጥቦቹ አልተራመዱም፣ የተለጠጠው ላስቲኩ ነው፣ ሰማዩም እንዲህ እየተለጠጠ ነው፣ መንገድ ላይ ያለ ብርሃንም አብሮ ይለጠጥና ይቀላል" ስትለኝ፣ እኔ ያልከውን ሳስብ ጫፉ አመለጠኝና ጆሮህን ገረፈህ። ለሰይድ ብነግረው ስልኩ ሊወድቅበት ነው የደረሰው። "የክፍል በር ነው የመታኝ ብሎኝ ነበር እኮ! ያ ውሸታም!" አለ።

ሊቃውንቱን ግራ ያጋባቸው ነገርም አለ አለኝ። ብርሃኑ ከሩቅ ስለሚመጣ እነዚያን ጋላክሲዎች የምናያቸው በሕፃንነታቸው ነው፣ ግን ሕፃን ይሆናሉ ሲባሉ አንዳንዶቹ ትልልቅ ሆነው ተገኙ፣ ያለ ዕድሜያቸው ያደጉ፣ እስካሁን ይከራከሩባቸዋል። እኔን አልገረመኝም። መርሳ ውስጥ በዚህ ጊዜ ያለ ዕድሜው ያላደገ ልጅ የታለ። እኔስ ብሆን በዚህ ዕድሜዬ መርዶ ነጋሪ ሆኜ አረፍኩት።

ሦስተኛው ወሬ እሱ ነው። ለእናትህ ነገርኳቸው።

አንተን ስንቀብርህ እናትህ ያሉበት ግራና በእግር የሚደረስ አገር አልነበረም፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ከጋራው ወዲያ ማን እንዳለ አይታወቅም። ጮኸን እንኳ አላለቀስንህም፣ ድምፅ እንዳይሰማ ፈርተን አፋችንን በነጠላ ይዘን ነው አፈር ያለበስንህ። እናትህ ሳያውቁ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነበር። ልጄን ያለ እኔ ቀበርሽው ቢሉኝ ምን እላለሁ? ዓይንሽን አላይም ብለው ቢያባርሩኝ ማን አለኝ? እናት አባት እንደሌለኝ ታውቃለህ፣ እናት ያልኩት እሳቸውን ነው።

በዚያው በጋ መንገዱ ሲከፈት ሰይድ "መርዶ የሽማግሌ ነው፣ አንቺ ኋላ ቆመሽ ታለቅሻለሽ እንጂ አትናገሪም" አለኝና ሰው ልኮ የእናትህን ንስሐ አባት እንዲነግሩልን አስጠየቀልኝ። እሱም አብሮኝ ሊነጋጋ ሲል ግራና ደረስን፣ ቄሱን መንገድ ላይ አገኘናቸው። ነገሩ ቀድሞ እንዳይነቃ ብዬ ዘቅዝቄ የለበስኩትን ነጠላ አስተካከልኩት፣ በጥቁሬ ላይ ጋቢ ደረብኩ። አጥራችሁ ጋ ስንደርስ ቤቱ ሰው ግጥም ብሎበታል። ሰምተዋል ማለት ነው አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከመናገር ተገላገልኩ ብዬ እፎይ አልኩ። ወዲያው እልልታ ሰማሁ።

ለካ ጋሽ ይመር ናቸው፣ በአህያ እህል የሚያመላልሱት። ከመስቀል በፊት መርሳ መጥተው ሳለ፣ ገና በእግርህ ትሄድ በነበረ ጊዜ፣ "እናቴን ደህና ነኝ፣ አታስቢ በሉልኝ" ብለህ ልከሃቸው አልነበር? እሳቸው መንገድ ተዘግቶባቸው ቆላ ዘመድ ቤት ከርመው፣ መንገዱ ሲከፈት ግራና ገቡና ሰላምታህን እንዳለ አደረሱላቸው። "ልጅሽ ደህና ነው፣ አታስቢ ብሎሻል" አሏቸው። እናትህ ደግሞ ድምፅህን ካሰማችኝ ብለው ለማርያም ተስለው ነበር። ያ ቀን የማርያም ለት ነበር፣ ዝክሩን እያወጡ ነው የደረስንባቸው።

እኔን ሲያዩ እልልታውን ራሳቸው አስነሱት። "መጣችልኝ! እሱስ? ኋላ ነው? ያ ዘገምተኛ፣ ድሮም ሰማይ ሰማይ እያየ እንቅፋት ሲመታው ነው ያደገ!" አሉ፣ ሴቶቹ ሳቁ። ቄሱን አየኋቸው፣ ይናገሩ ብዬ። እናትህ ግን ጠላ በዋንጫ አስያዟቸው፣ ይባርኩልን አሏቸው፣ ጨነቃቸው መሰለኝ ባረኩና ጠጡት። መርዶ ሊነግሩ መጥተው የደስታውን ጠላ ጠጡት። ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ሞተ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። "እማማ፣ ሰላምታው መቼ የተላከ ነው?" ብቻ አልኩ።

እናትህ ወደ ጋሽ ይመር ዞሩ። "መቼ ነው ያገኘኸው?" አሏቸው። "ከመስቀል በፊት ነዋ" አሉ ጋሽ ይመር፣ ፊታቸው ገና እንደሳቀ። እናትህ እኔን አዩኝ፣ ጋቢዬን አዩት፣ ከጋቢው ሥር የወጣውን ጥቁር አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው "እንደዚያ እንደ ኮከቡ ነዋ" አሉ።

ተማሪ ሳለህ አውድማ ስትጠብቁ ነግረሃቸው ኖሯል። ያ የምታይው ኮከብ ዛሬ ላይኖር ይችላል፣ ያየሽው ድሮ የተነሳውን ብርሃኑን ነው ብለሃቸው። ታዲያ ይዋሻል እንዴ ቢሉህ፣ አይዋሽም፣ ሲነሳ እውነት ነበር፣ የረዘመው መንገዱ ነው አልካቸው። ይሄን ኋላ ነው ያጫወቱኝ። ያን ጊዜ ግን ያየሁት እጃቸውን ነው። ማንም ሳይነግራቸው ነጠላቸውን አወለቁና ገልብጠው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ ዘቅዝቀው ለበሱት። ከዚያ ጮኹ።

እኔ ጥጉን ይዤ ጠበቅኩ። አሁን ይመጡብኛል፣ አሁን ውጪልኝ ይሉኛል ብዬ። መጡ። አንገቴን አቅፈው "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ ከረምሽ?" አሉኝ። ምን ልበልህ፣ ደረቴ ላይ ተጭኖኝ የከረመው ድንጋይ ወረደ። እንደ ወጉ ጮኼ ያለቀስኩህ ያን ቀን ነው። ጋሽ ይመር "እኔ ነኝ ያሞኘኋት" እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እናትህ በለቅሷቸው መሃል "ተው ይመር፣ አልዋሸህም፣ ሲልክህ ደህና ነበረ" አሏቸው።

አሁን እሳቸው እዚሁ መርሳ ከእኔ ጋር ናቸው። ገበያ አብረውኝ ይወጣሉ፣ የሚከራከር ገዢ ከመጣ እኔን አስቀምጠው ራሳቸው ይገጥሙታል። ማታ ራት ላይ ያንተን ወሬ እናወጣለን። ጋላክሲው እንዲያ ሲሽከረከር ኮከቦቹ የማይበታተኑት የማይታይ ነገር ይዟቸው ነው፣ ያን ነገር መሬት ቆፍረው እያደፈጡ ሊይዙት ይሞክራሉ ያልከውን ነግሬያቸው፣ ሰይድ በመጣ ቁጥር "ያን የማይታየውን ያዙት?" ይሉታል። "አልያዙትም እማማ" ይላል። "አይይዙትማ" ይላሉ፣ ደስ ይላቸዋል፣ ያንተን ወንበር ጠጋ አድርገው ተቀመጥ ይሉታል።

ፀሐይ እየገባች ነው፣ እኔም ሳልፈራ እዚሁ ደጃፍ ተቀምጫለሁ። የላስቲኩን ቁራጭ አልጣልኩትም፣ ጠመኔው ሲለቅ መልሼ ነጥብ ነጥብ አደርግበታለሁ። ቴሌስኮፑ ምን አየ እያልኩ ሰይድን እጠይቀዋለሁ፣ የሰማሁትን እየመጣሁ እነግርሃለሁ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ወሬ አይቋረጥብህም። ይሄ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም፣ ሲደርስህ እኔ ምን ላይ እንደምሆንም አላውቅም፣ መንገዱ ረጅም ነው። ግን እንዳታስብ። ስልክልህ ደህና ነበርኩ።