የተዘለለው ደብዳቤ

ሰኞ

ዘለልኩት። ገጹን አየት አደረግሁና ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደሚቀጥለው ደብዳቤ አለፍኩ። እማዬ ምንም አልጠረጠረችም። ስልኳን አፌ ስር አስጠግታ ድምፄን እየቀዳች ነበር፤ ሥራ ስትሄድ ባቡር ውስጥ ልታዳምጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ እዚህ ለንደን፣ ፓርክ ሮያል ያለ ፋብሪካ ውስጥ ሳንድዊች ስታሽግ ብዙ ዓመት ቆይታ አሁን አንድ የሥዕል ጋለሪ ውስጥ ክፍል ትጠብቃለች። ሥራዋ መቆም፣ አትንኩ ማለት፣ ሽንት ቤት ማሳየት ነው። ሰሞኑን እዚያ የአሜሪካ ሠዓሊዎች ኤግዚቢሽን አለ፤ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነገሩን ዓይን እንደሚያየው መሳል ትተው በራሳቸው መንገድ የሳሉት። ከሁሉም አንዷን ወደደች፤ ኮራ ዊትለን የምትባል ሴት። «ኮራዬ» ነው የምትላት፣ ቸርች አብረው የሚዘምሩ ይመስል።

አለቃዋ ደግሞ ጠባቂዎቹ በየተራ ስለሚወዱት ሥዕል ለጎብኚ አምስት ደቂቃ ይናገሩ ብላለች። የእማዬ ተራ ቅዳሜ ነው። በእንግሊዝኛ! ስለዚህ የኮራን የደብዳቤ መጽሐፍ ከላይብረሪ ተውሼ በአማርኛ እያነበብኩላት ነው።

የዘለልኩትን እዚህ ልጻፈው። ኮራ የአምስት ዓመት ልጇን እህቷ ዘንድ ትታ ሥዕል ለመሳል ኒው ዮርክ ሄደች። አራት ዓመት አልተመለሰችም።

እማዬ ለንደን ስትመጣ እኔም አምስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ አክስቴ ነች ያሳደገችኝ። ስድስት ዓመት። ስለዚያ ጊዜ እኔና እማዬ አውርተን አናውቅም።

ማክሰኞ

የምሠራበት ፋርማሲ ቀኑን ሙሉ ሰው በሰው ነበር። ምሳ አልበላሁም።

ስለ ኮራ እስካሁን የማውቀው፦ ፀጉሯን ራሷ ትቆርጣለች። ድመት ትጠላለች። ሠዓሊ ጓደኞቿን በደብዳቤ ታማለች፣ በተለይ ያየውን ሁሉ ሦስት ማዕዘን የሚያደርገውን። ስለ ቀለም ስትጽፍ ስለ ምግብ የምታወራ ነው የሚመስለው፤ ያስርባል። ልጇን በስም አትጠራትም። «ትንሿ» ነው የምትላት።

ከሥራ በኋላ ከኬንቲሽ ታውን ኬኒንግተን፣ እማዬ ቤት። ባቡር ውስጥ የዘለልኩትን ደብዳቤ እንደገና አነበብኩት። ልጇን ከተወች በኋላ ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር መሳል አቅቷት ትታው የሄደችውን ቤት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ከነልጇ ወንበር ደጋግማ እንደሳለች ጽፋለች። እማዬ የወደደችው ሥዕል ከእነዚያ አንዱ ነው። ጠረጴዛ፣ ሁለት ሳህን፣ ግድግዳው ጥግ ድረስ የተገፋች ትንሽ ወንበር።

«ጠረጴዛው ወደኛ ዘንበል ብሏል፣ ግን ምንም አይወድቅም» አለችኝ እማዬ። «አራት ሳምንት ቆሜ አይቼዋለሁ።» ከዚያ ደግሞ፦ «ያቺ ትንሽ ወንበር ግን የማን ናት? ደብዳቤው ላይ የለም?»

የለም አልኳት።

መዝለል አንድ ነገር ነው። ይሄ ውሸት ነው።

ረቡዕ

ንግግሯን ጽፌላት ሄድኩ። አንድ ገጽ፣ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር። መነጽሯን አድርጋ ሳሎን መሃል ቆመች። «ፐርስፔክቲቭ» ላይ ስትደርስ ምላሷ ተያዘ። ደገመችው። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ።

«ቆንጆ ነው፣ ቤዛዬ። ግን የአንቺ ነው። እኔ እንዲህ አላወራም።»

ተናደድኩ። ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ትንሽ ቆይቼ ግን ልክ መሆኗ ገባኝ። ጎብኚዎቹ እሷን ሊሰሙ ነው የሚመጡት። የሥዕል መምህር ቢፈልጉ ጋለሪው ሞልቶታል።

ስወጣ በር ላይ አቅፋኝ ቆየች። «ደክሞሻል፣ ፊትሽ ገርጥቷል» አለች። ደክሞኝ አይደለም።

ሐሙስ

አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። ይኼም ውሸት። በሳምንት ሁለት፣ ለእማዬ።

ደውላ ንግግሩን በስልክ ሞከረችልኝ። ተንተባተበች፣ ሳቀች፣ ቀጠለች። ጥሩ ነበር! ግን ወንበሯ ጋ ስትደርስ «ይህችን አላወቅኋትም» ብላ አለፈቻት። ሰው ፊት እንዲህ ልትል ነው፣ እኔ እያወቅሁ።

አርብ

ነገርኳት።

የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ጋለሪ ሄድኩ። ክፍሏ ውስጥ በጥቁር ዩኒፎርሟ ቆማለች። መጽሐፉን ከፍቼ አጠገቧ ቆምኩና የዘለልኩትን ደብዳቤ ቀስ ብዬ በአማርኛ አነበብኩላት። ዓይኗን ከሥዕሉ አላነሳችም። መሃል ላይ አንዲት ሴትዮ ሊፍቱ የት እንደሆነ ጠየቀቻት። ፈገግ ብላ አሳየቻትና ተመለሰች።

«ስንት ዓመት?»

«አራት።»

«እኔ ስድስት።» ከዚያ፦ «ልጅቷስ ምን ብላ ጻፈች?»

«የሷ ደብዳቤ መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ እማ።»

«ታዲያ ግማሹ የለማ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ፣ በቁጣ ሳይሆን። «እኔ እንዳይከፋኝ ነው ወይስ አንቺ እንዳይከፋሽ?»

መጽሐፉን ዘጋሁት። አንድ ሰውዬ ሥዕሉ ላይ አፍንጫውን ሊያስነካ ደርሶ ነበርና «ፕሊስ፣ ሰር!» ብላ ሄደች። እኔም ወጣሁ። ነገ ትናገር ወይም ትተወው እንደሆነ አላውቅም። ብትተወው ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቅዳሜ

ተናገረች!

ሃያ ሰው ይሆናል። ከቸርች እህት አልማዝና ባሏ መጥተው ነበር። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። ወረቀት አልያዘችም።

«ይህን ሥዕል የምጠብቀው እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች። «መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ይወድቃል ብዬ ፈርቼ ነበር።» ሳቁ። እንግሊዝኛዋ ይሰበራል፣ ግን ሁሉም ይሰማታል። ስለ ቀለሙ ተናገረች፣ ስለ ሁለቱ ሳህኖች። ከዚያ እጇን ወደ ወንበሯ ዘረጋች።

«ይህች የልጇ ናት። ትታት ነው የሄደችው። እኔም ልጄን ትቼ ነው ለንደን የመጣሁት። ጥሩ እናት ናት አልልም። መጥፎ ናትም አልልም። ወንበሯን ግን ከቤት አላወጣቻትም።»

ከፊት የነበሩ ሽማግሌ፣ ልጅቷ በኋላ ከእናቷ ጋር ተገናኘች ወይ ብለው ጠየቁ።

«መጽሐፉ አይናገርም» አለች። «የኔዋ ግን መጥታለች፤ ያቻትና።»

ሃያው ሰው ዞሮ አየኝ። እኔ የእሳት ማጥፊያውን አተኩሬ ማየት ጀመርኩ።

ሥራዋን ስትጨርስ አብረን አውቶቡስ ያዝን፣ ላይኛው ፎቅ፣ ከፊት። ድልድዩ ላይ ስንደርስ፣ እያየችኝ ሳይሆን መስኮቱን እያየች፣

«ኤርፖርት የመጣሽ ቀን» አለች፣ «ስጠራሽ ፊትሽን አዞርሽብኝ። ረስተሽኝ ነበር፣ አይደል?»

«አልረሳሁሽም። ከሩቅ ነው ያወቅሁሽ። ተናድጄብሽ ነው፣ ሆን ብዬ።»

«እሰይ» አለች።

«እንዴት እሰይ?»

«ልጄ ረስታኛለች ብዬ ነዋ ሃያ ዓመት የኖርኩት። ንዴትሽንማ እችለዋለሁ።» እጄን ያዘች። «ሌላም ካለሽ ንገሪኝ። ጠይቂኝ። ዛሬ ባይሆን ነገ።»

ይህን እዚሁ አውቶቡስ ላይ እየጻፍኩት ነው። ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። የምጠይቃት ብዙ ነው፣ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። መውረጃችን እየደረሰ ነው። ትንሽ ትተኛ፣ አንድ ፌርማታ አልፈን ብንወርድም በእግር እንመለሳለን።