በወፎቹ ፕሮግራም መጨረሻ ያለችው ድምፅ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ ማታ

የፈተናው ወረቀት ግማሹ አልታረመም። ዘጠነኛ «ሐ» ዛሬም ሳንባና ልብን አምታቷል። ተውኩት።

እማ እራት ላይ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ «አልሀምዱሊላህ» ብላ እጇን ታጠበች። በቃኝ ማለቷ ነው። አባ ከሞተ በኋላ ከመርሳ ገጠር አምጥቼ እዚህ ወልድያ እኔ ዘንድ ካስቀመጥኳት ጀምሮ እንዲህ ናት። አትታመም፣ አትቆጣ፣ ምንም አትጠይቅ። እንደ እንግዳ ሶፋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ስማኝ ደብተሬ፣ እፈራለሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ሰው ሳይታመም ሲያልቅ ግን የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ አላውቅም።

ዛሬ አንድ ነገር ሆነ። ቴሌቪዥን ላይ ያ የሳይንስ ተከታታይ ፕሮግራም ነበር፣ ስለ ወፎች የሚያወራው። ሲያልቅ ሁልጊዜ አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ያለ ምንም መሣሪያ ታዜማለች። ድምፁ ይረዝማል፣ ይረዝምና ቁርጥ። እማ ከሶፋው ተነስታ ስክሪኑ ድረስ ሄደች። ማናት? አለችኝ። ከመጣች የመጀመሪያ ጥያቄዋ! አላውቅም ስላት ፊቷ ጨለመ፣ ሄዳ ተኛች።

ወላሂ አገኛታለሁ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዘፈን የሚለይ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። የፕሮግራሙን መጨረሻ ከኢንተርኔት አውጥቼ አሰማሁት። መጀመሪያ የህንድ ዘፈን ነው አለኝ፣ ቀጥሎ አላውቅም አለ። እኔም እንዳንተው ነኝ አልኩት። ጣቢያው ስልክ አያነሳም።

መጨረሻ ላይ የሚወርዱትን ስሞች እያቆምኩ አነበብኩ። የአቀናባሪው ስም አለ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦ የሴት ድምፅ፣ ሀብሩ፣ ሰሜን ወሎ። ወይ ጉድ! ሀብሩ! የእማ ወረዳ፣ አፍንጫችን ሥር!

ሮጬ ሄጄ ይሄን ዘፈን ታውቂዋለሽ ወይ አልኳት። ቆጣ አለች። ሰላቷን የምትሰግድ ሴት ዘፈን ምን ይሠራላታል አለችኝ። መቆጣቷ ራሱ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 7፣ አርብ፣ ከሰዓት

አቀናባሪውን አገኘሁት፣ በት/ቤታችን የሙዚቃ መ/ር በኩል። አዲስ አበባ ነው፣ ጨዋ ሰው። ድምፁን ከድሮ ካሴት እንደወሰደ፣ የቀዳው ሰው በሕይወት እንደሌለ፣ ካሴቱ ላይ «መርሳ አካባቢ» ከማለት ሌላ ምንም እንዳልተጻፈ ነገረኝ። ለምን እንዲያ ቁርጥ ይላል ስለው፣ ከዚያ በኋላ ከሩቅ የሰው ጩኸት ስለሚገባበት ንጹሑን ብቻ አስቀረሁ አለ። ሙሉውን ፈልጎ ሊልክልኝ ቃል ገብቷል። ነገ መርሳ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ ማታ

ባዶ እጄን ገባሁ። ባዶ እንኳ አይደለም፣ ፓፓያ ይዤ።

ስልኬን ከፍ አድርጌ መርሳ ገበያ ውስጥ እንደ ሎተሪ አዟሪ ስዞር ዋልኩ። ይሄን ዘፈን ያውቁታል? አንድ ጨርቅ ነጋዴ የአምባሰል ነው አለኝ፤ ጎረቤቱ የራያ ነው ብሎ ተነሳበት። እኔን ረስተው ሲጨቃጨቁ ትቻቸው ሄድኩ። መስጊዱ ደጃፍ ላይ የአባን ወዳጅ ሐጂ ሰዒድን አገኘኋቸው። ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙ፣ ፈገግ አሉ። የማን ዘፈን ይሆን ስላቸው ግን ስልኩን መለሱልኝ። «እኛ ዘንድ ዘፋኝ የለም ልጄ። አብሽሪ፣ አላህ ያግራልሽ።»

ፈገግታቸውን ግን አይቻለሁ! ታዲያ ለምን ይደብቁኛል? እግሬ ተቃጥሏል። ተናድጃለሁ። ፓፓያውንም እማ አልነካችውም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ፕሮግራሙ ዛሬም ነበር። ድምፁ ሲቆረጥ የእማ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ዱዓ መሰለኝ። ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ከጀመረ በኋላም አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ቆማ ቀረች።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌን ታገሰኝ።

ዛሬ ገጠር ድረስ ወጣሁ፣ እትዬ መሬማ ዘንድ። የእማ የዕድሜ ልክ ጎረቤት ናቸው፣ ማሳቸው ከማሳችን ይዋሰናል። ቤታቸው አጣኋቸው። ማሽላው እሸት ይዟል፣ ወፍ ጥበቃ ላይ ናቸው ተባልኩ። በማሽላው መሃል ስሄድ ማማው ላይ ወንጭፍ ይዘው ቆመው ከሩቅ አየኋቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ስደርስ እንዳሰማቸው ብዬ ስልኬን ሞከርኩት። የሴትዮዋ ድምፅ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ተቆረጠ።

እትዬ መሬማ ዞር ሳይሉ መለሱ!

ከተቆረጠበት ተቀብለው፣ ቁልቁል እያወረዱ፣ እስከ ማዶ። ከዚያ ነው ማን ነው የጠራኝ ብለው የዞሩት። እኔ ማሽላው ውስጥ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

ዘፈን ስላቸው ሳቁብኝ። «ምን ዘፈን አመጣሽ አንቺ፣ ወፍ ማባረሪያ ነው እንጂ!» ወፉ ከአንዱ ማሳ ሲነሳ ቀጣዩ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ ባለማማዋ ትጣራለች፣ ቀጣይዋ ትመልሳለች። ነቅቻለሁ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው። ካልመለሰችስ አልኳቸው። «ካልመለሰችማ ሰው ይሮጣል። ወድቃ ይሆናል፣ እባብ ነክሷት ይሆናል። ተጠርቶ ዝም አይባልም።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በየሰኞው ሳሎኔ ውስጥ አንዲት ሴት ትጣራለች፣ የሚመልስላት የለም። እማም ትሰማለች።

የማን ድምፅ እንደሆነ እትዬ መሬማም አላወቁም። ማንም ትሁን የኛ ሰው ናት አሉ። መልሱን ልቅዳው ብዬ ለመንኳቸው፤ ዝም ብሎ አልወጣ አላቸው። ጥሪውን ደግሜ ሳሰማቸው ወጣ።

ጥቅምት 16፣ እሁድ

የቀዳሁትን መልስ ቁርስ ላይ አሰማኋት። እማ መጀመሪያ ቀና አለች። ከዚያ ሳቀች፣ በሆዷ! «መሬማ! ድምጿ ዛሬም እንደ ፍየል!» ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም አብሬ።

ስታወራ አረፈደች። ሰኞ ሰኞ በሹክሹክታ ትመልስ ኖሯል። የግቢው ሰው አብዳለች እንዳይለኝ ፈርቼ ነው አለች። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ አንቺ የጠየቅሽኝ ዘፈን አይደል አለችኝ። ፍርፍሩን ጨርሳ ጨምሪልኝ አለች። ደብተሬ፣ ጨምሪልኝ!

ከዚያ የኛ ማማ ላይ ማን አለ ብላ ጠየቀች። መዋሸት አልቻልኩም። ማሳችንን ምርቱን እኩል ሊካፈል የሚያርሰው ሰውዬ ሌላም ማሳ ስላለው ማማው ባዶ ነው፤ እትዬ መሬማ በላዩ አሻግረው ነው የሚጣሩት። እማ የበላችበትን ሳህን አነሳች። ቀጥላ፣ እስከ አጨዳው ልሂድ አለች።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ወንድሜ ከደሴ ደውሎ ጮኸብኝ። ጉልበቷስ? ብትወድቅስ? ማን ያያታል? ባለፈው ሳምንት ብሆን እኔም ይሄንኑ ነበር የምለው። እዚያ ብትወድቅ ሰው ይሮጣል፣ እዚህ ግን ተቀምጣ እያለቀች ነው አልኩት። አኮረፈ።

አቀናባሪው ሙሉውን ላከልኝ። «ጩኸቱ» ደብዝዞ ይሰማል፤ መልሱ ነው። ምን እንደሆነ ስነግረው፣ ለሚቀጥለው ዙር መልሼ አስገባዋለሁ አለ። እማን አሰማኋት። እፎይ አለች።

ወስኛለሁ። ቅዳሜ እወስዳታለሁ። ቤቱ ጭር ሊልብኝ ነው። ከፍቶኛል፣ ደስም ብሎኛል።

ጥቅምት 23፣ እሁድ ጠዋት

ከማማው ላይ ነው የምጽፈው። ይወዛወዛል። የእማ ጉልበት እምቢ ስላላት እኔን አወጣችኝ፤ እሷ ከታች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጥንቅሽ እየመጠጠች ታዘኛለች። ትናንት ከእትዬ መሬማ ጋር እሸት ጠብሰው ሲበሉ፣ እኔን ሲያሙ አመሹ። ከሰዓት ብቻዬን እመለሳለሁ። ወንድሜም እያኮረፈ እሺ ብሏል፤ በሳምንቱ መጥቶ ያያታል።

እትዬ መሬማ ተጣሩ። እማ ልትመልስ ሞከረች፣ ድምጿ ሻክሮ አልወጣ አላት። ሳቀችና ቀና ብላ ታየኛለች። ፎዚ መልሺ እንጂ፣ ሰው ሊሮጥ ነው ትለኛለች። እኔ? ማዶው ሁሉ ሊስቅብኝ? ደግመው ተጣሩ። እሺ እማ፣ እሺ፣ ደብተሩን ላስቀምጥና