የማፍሰሻው ኬክ ከማን እጅ መጣ?

ሰኞ፣ ጁን 24 ቀን 1963

ባቄላውን ኮተኮትኩ። ሃያ ሁለት መስመር። ከሰዓት የባዛሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኤርዊን መጣ።

«መምህርት፣ ለማፍሰሻ ኬኩ ሰሌዳ ይጻፉልን። ከየት መጣ እያለ ሰዉ አስቸገረን። ከእርስዎ በላይ ማን ይጠነቀቃል?»

ማንም። አምና አንድ የፊላደልፊያ ጋዜጠኛ «የሴቪላ ኬክ» ብሎ ጻፈ። የሴቪላ! የቀድሞ ተማሪዬ፣ ባዛሩ ላይ ኬኩን የምትሸጠው። የእሷ ገዢ ሰልፍ ፈረሶቹ በረት ይደርሳል፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ድንኳን ዝንብ ያባርራል። እናቴ ቀጭኑን ሊጥ በቆርቆሮ ማፍሰሻ፣ ጋዝ በምንቀዳበት ዓይነት፣ የፈላ ስብ ላይ እየጠማዘዘች ስትጠብስ ሴቪላ ገና አልተወለደችም። ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረው የእናቴ ስም ነው። ሊድያ ሆክ።

ረቡዕ፣ ጁን 26

ስድስት አሮጊቶችን ከማን እንደተማሩት ጠየቅኩ። ሁሉም «እናቴ» አሉ። አንዷ ብቻ «አማቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ግን ታሳርረው ነበር» አለች። በየቤቱ የነበረ ነገር ነው እንግዲህ። ኬኩን ለባዛር ያወጣችው ሴቪላ መሆኗን ግን ሁሉም ያውቃል።

እሷንስ ማን አስተማራት? እናቷ ፋብሪካ ውላ ትገባ ነበር፣ እንቁላል እንኳ አትጠብስም...

ዓርብ፣ ጁን 28

ሴቪላ ቤት ሄድኩ። እህቶቿ የቼሪውን ዘር እያወጡ ነበር። ጥያቄዬን በእንግሊዝኛ ጠየቅኩ።

«በእንግሊዝኛ ልመልስ፣ መምህርት? ወይስ በእኛ ጀርመንኛ? በእኛው ከሆነ ያስወጡኛል ብዬ ነው።»

እህቶቿ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ደንብ ነበር። ክፍል ውስጥ የቤት ቋንቋ፣ አያቶቻችን ከጀርመን ይዘውት የመጡትን፣ የተናገረ ውጭ ይቆማል።

«ያስተማረችኝ የእርስዎ እናት ናት» አለች። «ባስወጡኝ ቁጥር በጓሮ በኩል ትጠራኝ ነበር። ‹ነይ የኔ ጫጩት፣ ቀዳዳውን በጣትሽ ድፈኚ፣ ስልሽ ልቀቂ።› በእኛው ቋንቋ። ስንት ቀን አውርተናል!»

ስንት ቀን... ትምህርት ቤቱና ቤታችን አጥር ለአጥር ናቸው። እኔ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ስጠርግ እነሱ ይጠብሱ ነበር? እናቴን በገዛ ቤቷ «እንግሊዝኛ ተናገሪ» ያልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ዝም አለች። ማፍሰሻውን አንድ ቀን አስይዛኝ አታውቅም። ጠይቄያት ነበር?

ቅዳሜ፣ ጁን 29

አልተኛሁም። በሰልፏ መቅናቴ ከዚህኛው ቅናት ጋር ሲተያይ ምን ነበር? ጨዋታ።

ሰሌዳው አለቀ፦ «ሊድያ ሆክ በማእድ ቤቷ ለሴቪላ አስተማረች፤ ሴቪላ ለባዛሩ።» ሐሰት የለበትም። አራት ጊዜ አነበብኩት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ባዛር። ሴቪላ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ ሰሌዳውን ቆማ አነበበች።

«ደስ ይላል፣ መምህርት። ግን ጎደለ።»

«ምን ጎደለ?»

«በትምህርት ሰዓት እዚያ ማእድ ቤት ምን እሠራ ነበር? አንብቦ የሚጠይቅ አይጠፋም።»

ሕፃናትን ሠላሳ ስምንት ዓመት «ያልተሟላ መልስ ስሕተት ነው» ስል ኖሬያለሁ። ቀለሙን አስመጣሁ። ሰው ሁሉ እያየ ከሥር ጨመርኩ፦ «ሴቪላ በቋንቋዋ ስለተናገረች መምህርቷ፣ የሊድያ ልጅ፣ ከክፍል ባስወጣቻት ቀናት።»

ሴቪላ ወደ መጥበሻዋ ተመለሰች። ከሰልፉ ጫፍ ሆኜ አየኋት። ጣቷን ለቀቀች፣ ክንዷን ሳታንቀሳቅስ የእጇን አንጓ ብቻ አዞረች... እናቴ እንደዚያ ነበር የምታዞረው።

አሁንም እቀናለሁ። ተሰልፌ ግን ቆየሁ፣ ተራዬ እስኪደርስ።