ከእናቴ ሳጥን ሥር ስለተቀመጠው ሳብዎፈር

ለከተማው የአስከሬን ማመላለሻ አገልግሎት የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎ በሙሉ ጤና፣ በበቂ እንቅልፍ፣ ጆሮዎም ምንም ሳይሆን ባሉበት ሰዓት እንድትደርስዎ ምኞቴ ነው። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም የመሥሪያ ቤትዎን ጥቁር መኪና እንደ መስታወት እያብለጨለጩ ለሚያቆዩት ሠራተኞች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ በቅርቡ እናቴን በዚሁ መኪና ወደ መቃብር የሸኘሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። በግልጽ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ። በዝግ ጽፌልዎት የሰጡኝን መልስ ካየሁ በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እፍረት ለብቻዬ ደብቄ መያዝ ትርፉ ድካም ሆኖብኝ ነው።

አንደኛ፤ ምስጋና የሚገባውን ማመስገን ያባት ነውና ከምስጋናው ልጀምር። መኪናው በሰዓቱ መጥቷል፤ ሾፌሩ ከረባት አስሯል፤ ሳጥኑ የሚያርፍበት መደብም ወፍራም ግራጫ ምንጣፍ ለብሶ ነበር። የምንጣፉ ጠርዝ እንዴት ተስተካክሎ እንደተሰፋ በሙያዬ ልብ ብዬ፣ ለእናቴ የሚገባት ክብር ይህ ነው ስል በሆዴ መርቄዎታለሁ። ከምንጣፉ ሥር ግን የሙዚቃውን ወፍራም ድምፅ፣ ባስ የሚሉትን፣ የሚያስገመግሙ፣ የትሪ ስፋት ያላቸው ሁለት ሳብዎፈሮች መተኛታቸውን አላወቅኩም። ሐዘንተኛ ሰው ሳጥን ሲያስጭን፣ ከሥሩ ባስ ይኖር ይሆን ብሎ ጎንበስ አይልም።

ሁለተኛ፤ ሳጥኑን ጭነን የኋላው በር ገና ሳይዘጋ፣ ሾፌርዎ ሞተር ለማስነሳት ቁልፉን ሲያዞር፣ ከሳጥኑ በኩል ድም የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰው ከውስጥ ሆኖ እንጨት በጡጫ ሲመታ የሚሰማውን ያህል። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሳጥኑ ዞረ። ሾፌሩም በመስታወቱ አየት አድርጎን ሞተሩን አጠፋ። የእናቴ ታናሽ እህት፣ እኛ እትዬ እያልን የምንጠራት አክስቴ፣ ሁለት እጇን ሳጥኑ ላይ ጭና፣ እህቴ አልሞተችም፣ ክፈቱልኝ ማለት ጀመረች።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ስለ እኔ አንድ ነገር ማወቅ ይኖርብዎታል። ሐኪሙ እናቴን ደጋግሞ መርምሮ ማረፏን ነግሮኛል፤ ዓይኗንም የከደንኩት እኔው ነኝ። ቢሆንም ያ ድምፅ ሲመጣ፣ እውነት እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኔም እናቴ አንኳኳች ብያለሁ። እንዲህ እያልኩ ነው እንግዲህ ያልከፈትኩት። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ፣ ከፍቼ ሞታ ባገኛት፣ ሐዘን አሳበደው ተብዬ የሰው መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። የበኩር ልጅነት ወግ ይዞኝ፣ ድምፄን ጎርነን አድርጌ፣ እንጨት ሲረጋ ይጮኻል፣ በሩን ዝጉ አልኩ። ያችን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴን የማስገባበት አጣለሁ።

ሦስተኛ፤ ሾፌርዎ እንደገና ቁልፉን አዞረ፤ እንደገናም ድም አለ። በሩን ሊዘጋልኝ የቆመው ጎረቤታችን ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከቢላዋና ከአጥንት ጋር የሚውል ሰው፣ አንድ ጫማውን ትቶልን አጥር ዘሎ ሄደ። አልስቅበትም፤ እኔም እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው እንጂ አልቀርለትም ነበር። እትዬን ሁለት ሴቶች ከሳጥኑ ላይ አላቀቋት፤ በሩን ደግሞ የሚዘጋ ሰው ሲጠፋ በገዛ እጄ ዘጋሁት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሾፌርዎ ነገሩን እያወቀ፣ ዓይኑን ከፊት ለፊቱ መንገድ ላይ ተክሎ፣ ትንፍሽ ሳይል መቀመጡን ለማድነቅ እወዳለሁ። እንዲህ ያለ ምስጢር ጠባቂ ሠራተኛ ማፍራት ቀላል አይደለም። ሳብዎፈር ነው ብሎ ቢናገር ኖሮ፣ ያቺ አንዲት ቃል ለእኛ ትበቃን ነበር።

አራተኛ፤ እውነቱን ያወቅኩት በሰው ሠርግ ላይ ነው። የአንድ ሙሽራ ሱሪ ረዝሞበት ኖሮ ላሳጥርለት ወስጄ፣ ላደርስለት ወደ ሠርጉ አዳራሽ ስሄድ፣ ያ ጥቁር መኪና ሪባን ታስሮለት፣ ኋላው በአበባ ተሞልቶ በር ላይ ቆሟል። ሰሌዳው ያው፣ ከረባቱም ያው። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ፤ ድም አለ፤ ተከትሎም ሙዚቃው ቀጠለ። እኔ የሙሽራውን ሱሪ እንደታቀፍኩ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሠርገኞቹ የሙሽራው ዘመድ መስያቸው፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ እንኳን ደስ ያለህ ይሉኝ ነበር፤ እኔም አሜን አልኳቸው። የእናቱን ሞት በሳብዎፈር አረጋግጦ እፎይ ያለ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር እንጃ። መቼም ለዚህ አገልግሎትዎ ተጨማሪ ክፍያ ስላልጠየቁኝ ባለውለታዬ ነዎት።

ሾፌርዎ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ቢምልም፣ ለመኪናው ሽቦ የዘረጋለት ሰው ግን አልካደኝም። ይህ ሰው የመኪና ሙዚቃ የሚገጥም ሲሆን፣ ነጎድጓድ በሚል ቅጽል ስሙ የማያውቀው የለም። ሱቁ ድረስ ሄጄ ስጠይቀው፣ አምፕሊፋየር ማለት ሳብዎፈሮቹን የሚያስጮህ፣ ጉልበቱን ከባትሪው በወፍራም ሽቦ የሚወስድ፣ ነገር ግን አንዲት ቀጭን ሽቦ ተነስ እስክትለው ድረስ የሚተኛ ዕቃ መሆኑን አስረዳኝ። ቀጭኗ ሽቦ መታሰር የነበረባት ከቴፑ ጋር ነው፤ ቴፑ ሲጠፋ አምፕሊፋየሩም ይተኛል፣ ለሐዘንተኛም አይነቃም። በገጠመበት ዕለት ግን ሙሽራ ደርሷል ብሎ ሾፌርዎ ቢያጣድፈው፣ ቴፑን መፍታት ትቶ ቀጭኗን ሽቦ ከሞተር ማስነሻው ቁልፍ ጋር አሰራት። ስለዚህ ቴፑ ቢጠፋም ባይጠፋም ቁልፉ በዞረ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ብንን ብሎ ይነቃና ሳብዎፈሮቹን አንድ ጊዜ ይመታቸዋል። መልሶ እንዲያስተካክልለት መኪናውን አምጣው ቢለው፣ ሾፌርዎ ነገ ዛሬ ሲል ከረመ። ነጎድጓድ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ደግሞ ሙያ ነውና አላስችል ብሎት፣ ከላይ የእንጨት ሳጥን ሲጫንበት ባሱ ይበልጥ እንደሚያምር ሊያስረዳኝ ከጀመረ በኋላ፣ የማን ሳጥን እንደሆነ ሲገባው መሐል ላይ አቋረጠ።

አምስተኛ፤ ይህንኑ በትሕትና ጽፌ ባመለክት፣ ጽሕፈት ቤትዎ ተሽከርካሪው ለሐዘን አገልግሎት ብቻ የተመደበ በመሆኑ ምንም ዓይነት የድምፅ መሣሪያ እንደሌለው ገልጾ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ከመልቀም እንድቆጠብ መከረኝ። ምክሩን ተቀብያለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሰፈር የሚያናውጠው ባስ ለእርስዎ ቢሮ ሳይሰማ ቢቀር አይደንቅም። የሚያስጨንቀኝ ደብዳቤዎ እትዬ እጅ መግባቱ ነው። ከቀብሩ ወዲህ እትዬ ምግብ ወደ አፏ አድርሳ ትመልሳለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች። ከነነፍሷ ቀበርካት ብላ አንድ ጊዜ ከተናገረችኝ በኋላ ሌላ ቃል አልተነፈሰችልኝም፤ ከእጄ ውኃ እንኳ አትቀበልም። ስለ ቀጭኗ ሽቦ እንደምንም አስረድቻት፣ ልቧ ሊመለስ ትንሽ ሲቀረው፣ ጎረቤቶቹን የእርስዎን መልስ አንብቡልኝ አለቻቸው። ተነበበላት። መሥሪያ ቤቱ ራሱ መኪናው ድምፅ የለውም ካለ ታዲያ ያንኳኳው ማን ነው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማኅተም ካለበት ወረቀት ጋር ተከራክሬ ልረታ አልቻልኩም። ሰውነቷ በየቀኑ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ እናቴ ያሳደገቻት አንዲት እህቷ ይህችው ናት፣ እርሷንም በዚሁ መኪና እንዳልሸኛት እፈራለሁ።

ወደ ልመናዬ ልምጣ። ነጎድጓድ እንደነገረኝ ማመልከቻዬ ከደረሰ ወዲህ ሾፌርዎ ሳብዎፈሮቹን በዚህ ሳምንት ሊያስፈታ ቀጠሮ ይዟል። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ባለው ነበር። እኔ ግን ክቡር ሆይ፣ በእግርዎ ወድቄ የምለምንዎ እንዳያስፈቱብኝ ነው። አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መኪናው ባዶውን ደጃችን ይምጣ። የኋላው በር ይከፈትና እትዬ ውስጡን በደንብ ትይ፤ ሳጥን እንደሌለ፣ ሰው እንደሌለ በእጇ ዳስሳ ታረጋግጥ። ከዚያ ሾፌሩ ቴፑን አጥፍቶ ቁልፉን ያዙርላት። ደጋግሞ ያዙርላት። ጎረቤቱ ሁሉ ይጠራል፤ ባለ ሥጋ ቤቱም ሁለቱንም ጫማ አድርጎ ይመጣል። ሾፌሩ እንዲቀጣልኝ አልፈልግም፣ ካሣም ይቅርታም አልጠይቅም። እትዬ ያንን ድምፅ ሰምታ እህቷ እንዳላንኳኳች ትመን እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ከፈለጉ ያስፈቱት፣ ከፈለጉም ሙሽራ ያመላልሱበት።

ይህ ሁሉ ቢደረግ ግን እኔ ነጻ እወጣለሁ ብዬ አልጽፍልዎትም። ሽቦው ያለ ቦታው መታሰሩ የነጎድጓድ ጥፋት ነው፤ ዝም ማለት የሾፌርዎ፤ መካድ ደግሞ፣ በማዕረግዎ ልክ፣ የእርስዎ። በሩን መዝጋት ግን የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። እትዬ የምትጠላው ጆሮዬን አይደለም፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ መሆኔን ነው። በዚህ በኩል እኔና ክቡርነትዎ የአንድ እናት ልጆች ሳንሆን አንቀርም፤ እናቴ ይህን ብትሰማ እንደማትወድልኝ ግን አውቃለሁ።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ከዚህ ወረቀት የሚሰፋ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ምናልባት በመንገድ ተገናኝተን ቀና ብዬ ሰላም ባልልዎ፣ ንቀት ሳይሆን አንገቴ አልቀና ብሎኝ መሆኑን እንዲረዱልኝ የምለምነው፣

በሩን የዘጋው ልብስ ሰፊ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ፤ ሆኖም ሁላችንም ሟች ነንና፣ ተራዎ ሲደርስ በማዕረግዎ የሚሸኙት በዚሁ መኪና እንደሚሆን አልጠራጠርም። ያን ቀን በሕይወት ካለሁ ከለቀስተኛው መሐል እቆማለሁ። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ድም ቢል፣ ቤተሰብዎ እንዳይደነግጥ ሳብዎፈር ነው ብዬ ላረጋጋ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መኪናው የድምፅ መሣሪያ እንደሌለው በማኅተም አረጋግጠውልኛልና፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ ሳጥንዎን ለመክፈት እገደዳለሁ። አንድ ጊዜ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዘግቻለሁ፤ ሁለተኛ ግን አላፍርም።