ዘመድ ያልሆነ ደም

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ፎጣውን ሁለቴ አጠብኩት፤ ደሙ ግን አልለቀቀም። አዲሱ ከአልጋው ላይ ሆኖ «ተይው ትርንጎ፣ ቀይ ፎጣ ግዢና እንገላገል» አለኝ። ሃያ ዓመቱ ነው። በነሰረው ቁጥር እኔን ለማሳቅ ይደክማል።

ዓርብ ዕለት ጎንደር የሰማነውን እስካሁን መጻፍ አልቻልኩም ነበር። የአጥንቱ መቅኔ ደም መሥራት አቁሟል። ካንሰር አይደለም አሉን፤ ደስ ሊለን ሲል ሐኪሙ «ግን ከካንሰር አይተናነስም» አለ። የሚያድነው የወንድም ወይም የእህት መቅኔ ነው። ከገጠመ ውጭ አገር ሄዶ ይተከልለታል። እስከዚያ ሰው በለገሰው ደም ይቆያል።

ሐኪሙ እናናን «ስንት ልጆች አሉዎት?» አላት።

«ሦስት። ሞላ፣ ትርንጎ፣ አዲሱ።»

«ሦስቱም ካንድ እናትና አባት?»

«አዎ» አለች፣ ጥያቄውን እንኳ ሳታስጨርሰው። እኔ ጫማዬን አየሁ። ክንድሽን ዘርጊ ሲሉኝ ዘረጋሁ፤ ናሙና ወሰዱ።

በአፍ አይባልምና እዚህ ልጻፈው። እኔ የጡት ልጅ ነኝ። የወለደችኝ ሴት ስትሞት አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። በዚያው ሰሞን እናና የእኔን እኩያ ልጇን ቀብራ ነበር። ሽማግሌ ተሰበሰበ። እናና ጡቷን ማር ቀብታ አጠባችኝ፤ ቄሱም «ከእንግዲህ ልጅሽ አይደለችም ያለ የተወገዘ ይሁን» ብለው ገዘቱ። የሞተችውን ልጇን ቀሚስ አለበሱኝ፤ ረዘመኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሞላ ትልቅ ልጅ ስለነበር ያውቃል። አዲሱ ገና አልተወለደም ነበር፤ አያውቅም። እኔም ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ የማሩ ጣዕም ትዝ ስለሚለኝ ነው።

ማታ ፈራ ተባ እያልኩ «እናና፣ የኔ ናሙና ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ጡቴን ጠብተሽ የለም እንዴ? መቅኔ ከእናት ጡት ካልመጣ ከየት ይመጣል?» አለችኝ። ስትለው ከልቧ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዳባት ወረድኩ። የምነግደውን ነጭ ሽንኩርት ለደንበኞቼ አራግፌ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ሞላ መንደር ወጣሁ። ገብስ እያጨደ አገኘሁት። ሚስቱ አራስ ናት፤ ሕፃኑን ሳምኩት።

ወደ ጎንደር ሄዶ ናሙና እንዲሰጥ ለመንኩት። ማጭዱን ሳያስቀምጥ «መቅኔዬን ሰጥቼ በምን ጉልበት ልረስ?» አለ። መቅኔው ከዳሌ አጥንት በመርፌ እንደሚቀዳ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ እንደሚሞላ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። አልተዋጠለትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ግን ሞኝነት ብቻ አይደለም፤ ፈርቷል። አራት ልጅ የሚበላው ከእሱ ክንድ ነው።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» አለ በመጨረሻ። «የኔ ላይገጥም ይችላል። ያንቺ ውጤት ይምጣና ከዚያ እኔ...»

ይህን ሲል የሚያየው በሬዎቹን ነው። እኔም በሬዎቹን አየሁ። ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር ከብት እያየን አሳለፍነው። ለልጁ ጥምቀት ኅዳር ሚካኤልን እኛ ጋ ደባርቅ መጥቶ ክርስትና አባት እንደሚያነጋግር ነገረኝ። ድንች በጆንያ ጭኖ ሸኘኝ። ድንች መቅኔ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ድኖ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «አባ፣ ልናገር? የኔን ውጤት እየጠበቁ ጊዜው እየሄደ ነው» አልኳቸው።

«ግዝቱ የተጣለው ማንም ወላጅ አልባ ብሎ እንዳያሳዝንሽ ነው» አሉ። «ያንቺን አፍ ለመዝጋት አይመስለኝም። ግን የገዘቱት አባት ዐርፈዋል። የሞተ ሰው ያሰረውን እኔ ዝም ብዬ አልፈታም፤ ልጠይቅ። እስከዚያ ጸሎት ያዢ።»

«እስከዚያ የሚለውን ቃል ጠግቤዋለሁ አባ» አልኩና ወጣሁ። በሩ ላይ ተመልሼ መስቀል ተሳለምኩ፤ አልተቆጡኝም።

እውነቱን ልጻፍ። እኔን የያዘኝ ግዝቱ ብቻ አይደለም። ከአፌ ከወጣ በኋላ እናና እንዴት እንደምታየኝ ነው የፈራሁት። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ገበያ ላይ ወንዶች ይፈሩኛል። እናቴን አጣለሁ ብዬ ግን እንደ ሕፃን እፈራለሁ።

አዲሱ ዛሬ ድዱ ደማ። ምግብ አልቀመሰም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ከሆስፒታል ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ለኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ ያቃጥላል። ጭሱ እንዳይገባበት በየደጁ እየዞርኩ «እባካችሁ ራቅ አድርጉት» ስል ቆየሁ። ስመለስ የአዲሱ ትራስ ላይ ደም አለ። ነስሩ አልቆም አለ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር።

ዘመድ ከንግሥ በቀጥታ መጣ፤ አክስቶች፣ የአጎት ልጆች፣ ሞላም ነጠላውን እንዳጣፋ። ሁሉም እጅጌውን ሰቅሎ ተሰለፈ። ደስ አለኝ። ዶክተሯ ግን ከጎንደሩ ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋግራ መጣችና «ከዘመድ አንወስድም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው? ደማችን ምን ሆነ?» ብለው አክስቴ ተቆጡ።

ዶክተሯ ታግሣ አስረዳች። ዛሬ የሥጋ ዘመድ ደም ከወሰደ ሰውነቱ ያንን ደም መጥላት ይለምዳል፤ ነገ የወንድሙ መቅኔ ቢተከልለት ይገፋዋል። ስለዚህ ዘመድ ያልሆነ ሰው ያስፈልጋል፤ ደሙ ኦ የሆነ። ከጎንደር እስኪላክ ደግሞ አይቆይም። የባጃጁ ልጅ ክንዱን ሰጠ፤ ደሙ ኤ ሆነ። የሞላ ሚስት አራስ ናት። ዶክተሯ ኮሪደሩ ላይ ቆማ «ኦ የሆነ፣ ዘመድ ያልሆነ ማንም የለም?» አለች።

ገበያ ላይ ደም ስለግስ ደሜ ኦ እንደሆነ ነግረውኛል።

እናና አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀምጣለች። ልነሳ ስል አወቀችና እጇን አፌ ላይ ጫነች። እጇ ጧፍ ጧፍ ይላል። «አትበይ» አለችኝ። ልመና ነበር። እጇን አንስቼ ጭኗ ላይ መለስኩት።

«እኔ አለሁ» አልኩ። «ኦ ነኝ። ዘመድ አይደለሁም። የጡት ልጅ ነኝ።»

ሞላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናና ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። እኔ ሌላ ክፍል ገብቼ ክንዴን ሰጠሁ። መርፌው አላመመኝም። ባዶውን አግዳሚ ሳየው ነው ያመመኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

አዲሱ ዛሬ ከንፈሩ ትንሽ ቀላ። ነስሩ ቆሟል። አጥሚት ጠጣ።

ሞላ ማለዳ ጎንደር ሄዶ ናሙና ሰጠ። ከመሄዱ በፊት ግቢው ውስጥ ጠበቀኝ። «ካንቺ ውጤት ጀርባ ነበር የተደበቅኩት» አለ። «ከትናንት ወዲህ መደበቂያ የለኝም። ከገጠመ ይውሰዱት።» ገብሱንስ ማን ያጭደዋል አልኩት። ጎረቤት በደቦ ያጭድልኛል አለ። ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ ልጅ ሆነን ሲታረቀኝ እንደሚያደርገው።

እናና ከአዲሱ አልጋ አትለይም። ለእኔ ግን ቃል የላትም። ውሃ ስሰጣት ትቀበለኛለች፤ አታየኝም። መጥኔ ለሷ። ያችኛዋን ልጇን አንድ ጊዜ ቀበረች፤ ትናንት ደግሞ ሁለተኛዋን በሰው ፊት እኔ ቀበርኩባት። ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

አዲሱ ሰምቷል። አክስታችን ናቸው የነገሩት፤ አፋቸው ክዳን የሌለው ድስት ነው። እናና ወጣ ስትል ጠራኝ።

«ያንቺ ደም ነው አሉ።»

«ነው።»

«ታዲያ ለዚህ ነው ከሐሙስ ጀምሮ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚለኝ።»

ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ስወለድ ያዘለኝ ማን ነው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። «እንግዲያው ሌላ ምን ልጠይቅ?» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እንዳላየሁ ሆንኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። እናና ከቅዳሴ በቀጥታ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ ትንሽ ስኒ ሸፍና ይዛለች። ለአዲሱ መስሎኝ ነበር። እኔ ፊት ቆመች።

«ግዝቱ ፈርሷል» አለች። ከሐሙስ ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። «እኔን ነው ያፈረሰኝ። አሁን ማንም ተነስቶ ልጅሽ አይደለችም ቢለኝ የሚከለክለው የለም።»

«እናና፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታውን ተይው። እንደገና ነው የሚሆነው።»

ስኒውን ገለጠችው፤ ማር ነው። አውራ ጣቷን ነክራ ዘረጋችልኝ። ጡቴማ ደርቋል አለች፤ አላፈረችም። ሽማግሌ የለም፣ ቄስ የለም፣ ምስክር የለም ልላት ስል አዲሱ ከአልጋው ላይ «እኔ አለሁ» አለ።

እንደዚህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው ያሳፍራል ብዬ አስብ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጣቷን ጠባሁ። ጣቷ ሻካራ ነው። ማሩ ያኔ የቀመስኩት ነው፤ አልተለወጠም። ከአንጀት አለቀስኩ፤ እሷም።

የሞላ ውጤት ገና ነው፤ ይቆያል ተብለናል። ቢገጥም እንኳ ውጭ አገር የሚወስደው መንገድ ሩቅ ነው። ዶክተሯ አዲሱ በቅርቡ ሌላ ደም እንደሚያስፈልገው ነገረችኝ፤ እኔ ደግሞ ወራት ሳይሞላኝ መስጠት አልችልም። ነገ ገበያ ወርጄ ነጋዴዎቹን እጠይቃለሁ። ኦ የሆነ፣ የሥጋ ዘመድ ያልሆነ። ዘመድ እያለ ባዕድ ለመነች ብለው የሚቀየሙኝ ይኖራሉ፤ ይቀየሙ።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን ትንሽ ነሰረው፤ ቶሎ ቆመ። ፎጣውን ላጥብ ስነሳ እናና ቀድማኝ ይዛው ወጥታለች።