አርባ አንደኛው ደቂቃ

ውድ ጥርጣሬ፣

ይህን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝና አሁንም በዚያው ልጥራህ። ገጣጥመን የጨረስነውን ኮምፒውተር ሁሉ "እስቲ አንዴ እንድገመው" ስለምትል ነበር። ከሥራ ከወጣህ ስምንት ወር ሆነህ። ስልኬን አታነሳም፤ እውነትህን ነው።

ያን ሳምንት መቼም አትረሳውም። ለሆስፒታሉ የስካን ምስል ማቀናበሪያ በሠራነው ኮምፒውተር ላይ አራት ውድ ግራፊክስ ካርዶች ጎን ለጎን ሰካን። በሁለቱ ስንሞክረው ሥራው በግማሽ ጊዜ አለቀ። ሦስተኛው ጥቂት ጨመረልን። አራተኛው ግን ከሙቀት በቀር ያመጣው ነገር የለም። ተጣብቀው ስለተቀመጡ አንዱ የተፋውን ትኩስ አየር ሌላው ይስበዋል። "ተጋገዙ ብንላቸው ተናነቁ" ብለህ አሳቅኸኝ። ሳቃችን ሳያባራ፣ ልክ በአርባ አንደኛው ደቂቃ፣ የመሐለኛው ካርድ ሙቀት ዘጠና አራት ዲግሪ ደረሰና ማሽኑ ድርግም አለ። ሁለቴ ደገምከው፤ ሁለቴም ጠፋ።

ኃላፊያችን መጥተው የሙከራውን ወረቀት አዩት።

"ሠላሳ ደቂቃ መፈተን ይበቃል። ሠላሳውን አልፏል፤ 'ብቁ ነው' ብላችሁ ፈርሙ።"

"ሐኪሞቹ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ሊሠሩበት ነው እንዴ?" አልካቸው።

"ነገር አታብዛ።"

"እኔ አልፈርምም።"

እስክሪብቶውን ወደ እኔ አዞሩት። ፈረምኩ።

ማሽኑ ሆስፒታል በገባ በሦስተኛ ሳምንቱ በሥራ መሐል ጠፋ። ውጤት ሲጠብቁ የዋሉ በሽተኞች ሌላ ቀን ተመለሱ ተባሉ። ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊያችን ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ ወደ አንተ እየጠቆሙ "ኬብሉን አላግባብ ያገናኘው እሱ ነው" አሉ። ኬብሉን ያገናኘሁት እኔ ነበርኩ፤ ያውም ደህና አድርጌ። አንተም ታውቃለህ። ዞር ብለህ አየኸኝ። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሬ እፍቃለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አንተም በእኔ ላይ አልተናገርክም። "እሺ" ብለህ ጃኬትህን ከወንበሩ ላይ አንስተህ ወጣህ።

ባለፈው ሰኞ ያ ማሽን ለሦስተኛ ጊዜ ለጥገና ተመልሶ መጣ። ብቻዬን አስነሳሁት። አርባኛው ደቂቃ እንደሞላ ወዲያው ጠፋ። አንዱን ካርድ ነቅዬ ሦስቱን አራርቄ ሰካኋቸው። ቀኑን ሙሉ ሠራ፤ ፍጥነቱም ከበፊቱ ብዙ አልቀነሰም። አንተ ያኔውኑ እንዲህ እናድርገው ብለህ ነበር።

ሁሉንም ጻፍኩት፤ ኬብሉን ማን እንዳገናኘ፣ ማን አውቆ እንደፈረመ ሳይቀር። አንዱን ቅጂ ለሆስፒታሉ ቴክኒሻን፣ ሌላውን ለኃላፊያችን ሰጠሁ።

"ራስሽን ቀበርሽ" አሉኝ።

"ከተቀበርኩማ ስምንት ወር ሆነኝ" አልኳቸው።

በዚያው ቀን ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ቀጥታ የሄድኩት እናንተ ቤት ነው። እናትህ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱልኝ። ደህንነትህን ስጠይቃቸው "ሌላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይቆጥራል፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አታንሱብኝ ብሏል" አሉኝ። በሩ ላይ እንደቆምኩ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ልጄ፣ ኃላፊውንስ ረስቷቸዋል" አሉ በመጨረሻ። "እሱ የሚለው 'እሷ እኮ ታውቅ ነበር' ነው።"

ግቢ አላሉኝም። ግን "ከጻፍሽለት አደርስልሻለሁ" ብለውኛል፤ እግዜር ይስጣቸው።

የጻፍኩትን ወረቀት ሌላ ቅጂ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ሥራ ስትጠይቅ ያሳፈረህ ነገር ካለ እሱን አሳያቸው። ቴክኒሻኑ እንደነገረኝ ሆስፒታሉም በሦስቱ ካርዶች መሥራት ጀምሯል፤ እስካሁን አልጠፋም።

ይቅር በለኝ ብዬ ሌላ ሸክም አልጭንብህም። መልስም አልጠብቅም። አንተ ለእናትህ ያልከውን እኔም በራሴ እጅ ጽፌ ልስጥህ ብዬ ነው፦ አዎ፣ አውቅ ነበር።

አጠገብህ ትቀመጥ የነበረችው