ከኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት

ይድረስ ከዓይኔ ለራቅከው ታናሽ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለፈው ደብዳቤህ የመጋዘኑ ሥራ ቆሞ መዋል ነው ብለኸኝ ነበር፤ አሁንስ መቀመጫ ሰጡህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ አማትህ ሁሉም ደህና ናቸው? የትንሿ ሳልስ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይይዘኛል እንጂ ሌላው አካሌ ደህና ነው። ልጄም ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ ብቻህን ስትሆን አንብበው። የሞተ ሰው የለም፤ አትደንግጥ።

ልጄ አዋላጅ ሆና ተመድባለች። ጤና ጣቢያው ለመድረስ ከአስፋልቱ ወርዶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ለድንጋይ መንዳት ነው። ስለዚህ ሰባት ዓመት ከግቢ ያልወጣውን የአባቷን ፒክአፕ ልውሰደው አለች። መካኒኩ ሞተሩን አስነሳው፣ የተቃጠለውንም የዋና መብራቶች ሽቦ ቀየረ፤ ጎማውም ተቀየረ። የቀረው መብራት ነበር። የድሮዎቹ እንደ አንቺ ዓይን ፈዘዋል፣ ከፊት ሁለት ተጨማሪ ፓውዛ ያስፈልገኛል አለች። ከዚያም ቆማ እየበላች፣ «መጀመሪያ ግን የአጎቴን ሽቦ በሙሉ አስወጥቼ እጥለዋለሁ፤ አባቴን የበላ ሽቦ ይዤ አልነዳም» አለችኝ። በክፋት አይደለም። ሲነገራት ያደገችው ይኸው ነው። ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ማጠቤን ቀጠልኩ። ስጨርስ እኔ እሠራዋለሁ አልኳት።

ሳቀችብኝ። አምፖል ስቀይር እንኳ ወንበሩን የምትይዝልኝ እሷ መሆኗን አስታወሰችኝ። ስለ መኪና ኤሌክትሪክ የሚናገር ሽፋን የሌለው መጽሐፍ እንዳለኝ አታውቅም። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ወፍራሙ ሽቦ ከባትሪው ተነስቶ በፊውዙ በኩል ሪሌ ወደሚባለው ትንሽ ሳጥን ይገባል፣ ከዚያ ወደ መብራቶቹ ይሄዳል። ቀጭኑ ከረጅሙ መብራት ተነስቶ በማብሪያው አልፎ ሪሌውን ያዛል። ወፍራሙ ይሸከማል፣ ቀጭኑ ያዛል። እናታችንና አባታችን ትዝ አሉኝ፤ አንተ ብትኖር ትስቅ ነበር።

ጡረታ የወጣው ሾፌር ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ ጥሩንባ የሚለው፣ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «እሜቴ፣ ሹራብ አደረግሽው እኮ» ሲለኝ ዋለ። ቀልዱን ሲጨርስ ግን ቀረብ ብሎ ተመለከተና የድሮው ሽቦ በፊት መከላከያው፣ በፓራውልቱ ስለት ላይ ተፍቆ መዳቡ እንደወጣ አሳየኝ። እንዲህ ያለ ሽቦ ፊውዝ ደጋግሞ ያቃጥላል፣ መኪናው ከፊት ተገጭቶ ያውቃል ወይ አለኝ። አንተ ከሠራኸው ከወራት በኋላ ባለቤቴ በር ገጭቶበት ነበር። እንዳልረሳው እዚሁ ጻፍኩት።

አንተ ያኔ ለተጨማሪ መብራቶች የዘረጋኸውን ሽቦ ያወጣሁት እኔው ነኝ። በናስትሮ የጠቀለልካቸው መጋጠሚያዎች አሥራ አንድ ናቸው። እያንዳንዱን ገልጬ በፒንሳ ይዤ ሳብኩት። ሽቦው ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ከመጋጠሚያዎቹ ግን አንዱም አልለቀቀም።

ከዚያ የፊውዙን ቤት ከፈትኩት። የመስታወቱ ፊውዝ እዚያው ነበር፤ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ። እንደማገኘው አውቅ ነበር። የጠቀለልኩት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ በሞተበት ቀን ከእሱ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ቀናችን ነበር። ማታ ለጉዞ ሊነሳ ሲል የመብራቱ ፊውዝ ሁለቴ ተቃጠለበትና ነገ ገልጬ አየዋለሁ፣ ዛሬ አልሄድም ብሎ ገብቶ ጋደም አለ። እኔ ቤቱ ባዶ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሾፌሮች ሲያደርጉ እንዳየሁት ብርማውን ወረቀት ከፓኮው ላይ ቀድጄ የተቃጠለውን ፊውዝ ጠቀለልኩበት፤ መብራቱም በራ። ነካ ባደርገው በራልህ፣ ሂድ አልኩት። ሄደ። መንገድ ላይ፣ የሚቆርጠው ፊውዝ ስለሌለ፣ ሽቦው ነደደ፣ እሳቱ ሌሎቹንም ሽቦዎች ያዘና መብራቱ ሁሉ ጠፋ። አቁሞ ሊያይ ወረደ። ከኩርባው የወጣው የጭነት መኪና አላየውም። የቀረውን ታውቃለህ።

አንተ ከኮፈኑ ሥር ወረቀት ለጥፈህ ነበር። ጥጉ ቢጠቁርም ዛሬም አለ። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ከልጄ ደብተር እያስተያየሁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር «ፊውዙ ከተቃጠለ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይተካ» የሚለው ነው። አለማንበቤን ሰበብ ላደርገው ሞክሬ ነበር። ግን ስትለጥፈው በአፍህም ነግረኸኛል።

በለቅሶው ላይ የባለቤቴ ታላቅ እህት «ወንድሜን የገደለው የሚስቱ ወንድም እጅ ነው» ስትል ቀና ብለህ አየኸኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። ወሬው አላስቀምጥ ብሎህ ከሄድክ በኋላ ምናልባት አንዱን መጋጠሚያ አላጠበቅኩት ይሆናል፣ እጄን አላምነውም ብለህ ጻፍክልኝ። ያንን ራሴ አነበብኩት። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እሑድ ለልጄ ነገርኳት። ብርጭቆዋን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ጉዳይ በቀር አታናግረኝም። ማክሰኞ ወደ ባለቤቴ እህት ሄጄ ለእሷም ነገርኳት። ለምን አሁን አለችኝ። ልጄ የወንድሜን ሽቦ ልጣል ስላለች ነው አልኳት። በሩን አልዘጋችብኝም፣ ግቢም አላለችኝም። አልቅሼ እንደሆነ ትጠይቅ ይሆናል። አላለቀስኩም። ቤት ስመለስ የመኪናውን ጥቁር ቅባት ከእጄ በነዳጅ አጠብኩ፣ በሳሙና ደገምኩት።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ስለማልፈልገው አይደለም፤ ብጽፈው መልስ የምጠይቅህ ስለመሰለኝ ነው። ፊውዙን እንዳለ በፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ። እጅህን የማታምንበት ቀን ሲመጣ አውጥተህ እየው።

አዲሶቹ መብራቶች በርተዋል፤ የግቢው ግንብ ላይ ስንጥቁ ሁሉ ይታያል። ልጄ ግን ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ መልሳ «አጎቴ ሳያየው አልነዳም» አለች። ስለዚህ አሠራሩን በሙሉ በሌላ ወረቀት ሥዬ ልኬልሃለሁ። ስህተት ካለበት በቀይ ክበብበትና መልሰህ ላክልኝ። ሥራዋን የምትጀምረው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

ባለቤትህን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ በእኔ ምክንያት ከዘመድ ርቃ እንደኖረች ንገራት። የአማትህን ጉልበት ስሜያለሁ። ትንሿን ከነሳሏ ሳምልኝ። መሐለኛው አሁንም ጥፍሩን ይበላ እንደሆነ አክስትህ ጠይቃለች በለው። ለታላቁ ደግሞ አባትህ ያሰራቸውን አሥራ አንዱን መጋጠሚያዎች አክስትህ በፒንሳ ስባ አልፈታ አሏት ብለህ ንገረው። አንተ ካልነገርከው እኔ እጽፍለታለሁ።

ታላቅ እህትህ

ከግቢው፣ በመሣሪያ ሣጥኑ ላይ የተጻፈ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን